አላውቀውም ያለው እንግዳ

ይሄን ነገር መጀመሪያ የነገረኝ ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ በየግቢው የሚዞረው ሰውዬ። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣ በግራው የሻይ ብርጭቆ እያነሳ፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ነገረኝ። ከሌላ ሰው የሰማችሁት ካለ ጣሉት። እኔ ፊደል የሚባለውን ነገር ደጁን አልረገጥኩም፤ ግን አንዴ የሰማሁትን ወሬ ሃያ ዓመት ቆይቼ አንድ ቃል ሳላጎድል እመልሳለሁ። የተማሩት ወንድሞቼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬ ጠፋ እያሉ ቤት ያተራምሳሉ።

ወሬው የእንግዳው ነው። እንግዳው ስሙ አይደለም፣ ሥራው ነው። ሥራው ደግሞ ቆይቶ ስሙን በላው።

ከእንስሳት ሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ የውሾች ፈተና አለ። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» ብዬ ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ። ኋላ ሄጄ ሳየው ግን ሰው የማይችለውን ነው የሚጠይቁት። በኖራ የተሰመረ አራት ማዕዘን አለ። ባለቤቱ ውሻውን በግራ ጉልበቱ በኩል ይዞ ይገባል። ሂድ ሲባል መሄድ፣ ተቀመጥ ሲባል መቀመጥ፣ ቆይ ሲባል ሥጋ ቢያልፍ እንኳ መቆየት ነው። ለጀማሪ ታዲያ አስተያየት ይደረግለታል፤ ባለቤቱ በአፉ እንደፈለገ ያግዘዋል። «አይዞህ፣ ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ» ሲል ቢውል የሚከለክለው የለም። በእጁ ግን አይነካውም፣ ገመዱን አይጎትትም፣ ኪሱ ውስጥ ቁራሽ ይዞ አይገባም። እገዛ በአፍ እንጂ በእጅ የለም። ይሄን ደንብ ለባለቤቴ ብነግራት «አንተማ ካገባኸኝ ጀምሮ የጀማሪ ፈተና ላይ ነህ» አለችኝ። ይሁን፣ እሷም አፍ አላት።

ከዚያ በኋላ የጠባይ ፈተና ይመጣል። እንግዳው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከማዶ ይመጣል፣ ባለቤቱን ይጨብጣል፣ የውሻውን ራስ ይዳብሳል። ዘወር ይልና ጃንጥላውን ቷ አድርጎ ይከፍታል። ከዚያ ከኋላ በኩል ሄዶ የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ ይለቃል። ውሻው ቢደነግጥ ምንም አይደለም፤ ማን አይደነግጥም? ደንግጦ የተመለሰ አለፈ። የነከሰ፣ ወይ ሸሽቶ በዚያው የቀረ ወደቀ።

ሰው ሁሉ «ይሄም ሥራ ሆኖ» ይለዋል። እስቲ እናንተ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ ሁኑ! ከተማው ትልቅ አይደለም፤ ውሻ ደግሞ አንዴ ያሸተተውን አይረሳም። እንግዳው መንገድ ላይ ውሻ ሲያይ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። ቡችላ እግሩ ላይ ቢተሻሽ እጁን ኪሱ ከቶ እንደ ግንድ ይቆማል። ጎረቤቶቹ ኩራተኛ ነው ይሉት ነበር። የሥራ ካፖርቱን ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቦ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ከፈተና ቀን በቀር አይለብሰውም። አንዱን ወር እያነከሰ ይገባል፣ አንዱን ወር ምርኩዝ ይዞ፣ አንዱን ወር ባርኔጣ ደፍቶ፣ ድምፁን አጎርንኖ። ዕድሜውን ሙሉ ውሻ ሲዳብስ ኖሮ አንድም ውሻ የኔ ያለው ሰው አልነበረም።

ዳኛዋ ጡረታ የወጣች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልድ የማታውቅ። ሁልጊዜ ውሻው ኖራውን ሳይረግጥ ወደ እንግዳው ዞራ ትጠይቀዋለች።

«ታውቀዋለህ ይሄን ውሻ?»

«አላውቀውም።»

ከዚያ ይጀመራል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ጊዜ «አውቀዋለሁ» ብሎ ገለል ብሏል፤ ያን ቀን የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ነው እንግዳ የሆነው። ቃሉ ይሄን ያህል የታመነ ነበር። ዳኛዋ እንኳ ለልማድ እንጂ መልሱን ለመስማት መጠየቅ ትታ ነበር።

እንግዲህ ወንድሙ ሞተ። ታናሹ ነው፣ በአንድ ወር ሕመም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ እጁን ይዞ «ቤቴን አደራ» አለው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው። የተወው ሚስቱን፣ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅና አመዶን ነው። አመዶ የወንድምየው ውሻ ነው፤ አመድ የመሰለ፣ ደረተ ሰፊ። እንግዳው አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ሲገባ ሲወጣ አመዶን አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም፤ ሥራው አይፈቅድም። ሲመጣ ውሻው ከጓሮ ይታሰራል።

ጌታው ከሞተ በኋላ አመዶ በየቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ሥር ይተኛና ይጠብቃል። የሚመጣው ሰው ግን ሁሌም ሌላ ሰው ነው። ይሄ አልዋጥ ያለው ውሻ ወንድ ባየ ቁጥር ጥርሱን ማሳየት ጀመረ። አንድ ቀን የጋዝ ሲሊንደር የሚያመላልሰውን ሰውዬ ሱሪ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ተረተረው። ሰውዬው ከሰሰ፣ ወረቀት መጣ።

«ጋሼ፣ ይዩልኝ ይሄን ጉድ» አለች የወንድሙ ሚስት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «በአርባ ቀን ውስጥ ተፈትኖ ይለፍ፣ አለዚያ የሞት መርፌ ነው ይላል።»

እንግዳው አነበበውና አጠፈው።

«አጎቴ፣» አለች ልጅቷ። መሬት ተቀምጣ ከመስኮቱ ውጭ የታሰረውን አመዶን ታያለች። «ፈታኙ አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ፈታኝ አይደለሁም የኔ ልጅ። እንግዳ ነኝ።»

«እሱ የሚነክሰው የማያውቀውን ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው የሚፈተነው።»

«እንግዲያው ተዋወቀዋ!»

እናቷ «አንቺ ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ» አለቻት። እንግዳው ግን አልሳቀም። ልጅቷ ወደ መስኮቱ ዞራ ቀስ ብላ «አባዬንም ወሰዱት» አለች። በቃ፣ ያ ቃል ገባ። ሰው የሚጠፋው በትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ በእንዲህ ያለ ትንሽ ቃል ነው።

ደንቡን አስቡት። ባለቤቱ እንዳያግዝ ተጽፏል፤ በእጅ፣ በገመድ፣ በምግብ ተብሎ ተዘርዝሯል። እንግዳው እንዳያግዝ የሚል ግን አንድም መስመር የለም። ማን ያስበዋል?

በማግስቱ በአሥር ሰዓት ካፖርቱን ለብሶ፣ ጃንጥላውን ይዞ፣ የድስት ክዳን በብብቱ፣ ኪሱ ውስጥ ጥሬ ሥጋ በላስቲክ ጠቅልሎ ሄደ። የመጀመሪያው ቀን አመዶ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደረሰ። እንግዳው ከሰንሰለቱ ጫፍ አንድ እርምጃ ርቆ ተቀመጠ፣ ጃንጥላውን ከፈተ፣ ሥጋ ወረወረ። ዘጋ፤ ከፈተ፤ ወረወረ። በሳምንቱ ውሻው ከእጁ በላ። በሁለተኛው ሳምንት ክዳኑ ሲንኳኳ አመዶ ጆሮውን ማቆሙን ትቶ ምራቁን መዋጥ ጀመረ። በሦስተኛው፣ እንግዳው ገና ከበሩ ገብቶ ሲቀርብ፣ ሰንሰለቱን እየጎተተ ሮጦ መጥቶ አፍንጫውን ቀኝ ኪሱ ውስጥ ይሰነቅር ነበር።

አንድ ቀን አመዶ ሥጋውን ጨርሶ አገጩን መዳፉ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። እንግዳው እግሩ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰም። ልጅቷ ከደረጃው ላይ ሆና «ወደደህ» አለችው። ይሄን ቆጣሪ አንባቢው ሲነግረኝ እንኳ ድምፁ ዝቅ አለ፣ የማይወደውን ሰው ወሬ እያወራ።

ቅዳሜ ደረሰ። የወንድሙ ሚስት አመዶን ይዛ ኖራውን ረገጠች። ገመዱን ሁለት ዙር እጇ ላይ ጠምጥማ እስከ አንገቱ ወጥራዋለች።

«እትዬ፣ ላላ አድርጊው!» አለች ዳኛዋ። «በአፍሽ እገዢው፣ በእጅሽ አይደለም።»

ሴትዮዋ ገመዱን ለቀቅ አደረገችና «አይዞህ፣ አይዞህ» አለች፤ ለውሻው ይሁን ለራሷ እንጃ። ተቀመጥ አለችው፣ በሦስተኛው ተቀመጠ። ተኛ አለችው፣ ዳኛዋን አይቶ ተኛ። አሥር እርምጃ ርቃ ና አለችው፣ መጣ። ለጥቂት አለፈች።

ዳኛዋ ወረቀቱን ገልብጣ ወደ እንግዳው ዞረች። እንግዳው ያን ቀን ባርኔጣ ደፍቷል፣ በግራ እግሩ ያነክሳል።

«ታውቀዋለህ ይሄን ውሻ?»

ከኖራው መስመር ውጭ ልጅቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አላውቀውም» አለ።

ሲቀርብ አመዶ በጅራቱ አቧራ ጠረገ። ራሱን ሲዳብሰው ዓይኑን ጨፈነ። ጃንጥላው ቷ ሲል ውሻው ቁጭ ብሎ ከንፈሩን ላሰ። ሕዝቡ ሳቀ፤ አንዱ ከኋላ «ይሄ ውሻ ዝናብ ሲናፍቅ ነው የከረመው!» አለ። ክዳኑ ሲወድቅ ጭራሽ ወደ ድምፁ ሊሄድ ፈለገ። ዳኛዋ ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ «እንግዳ የሚወድ ውሻ ነው» ብላ ሙሉ ነጥብ ጻፈች። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ቆርቆሮ አንጠለጠሉለት፤ ያ ቆርቆሮ ያለው ውሻ በግቢው ሳይታሰር መኖር ይችላል። ልጅቷ አመዶን አቅፋ አለቀሰች። እንግዳው ከሩቅ፣ እያነከሰ፣ እንደማያውቃቸው አለፈ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። እኔ ራሴ በጉብዝናዬ ጊዜ አንካሳ ፈረስ «ተኝቶ ስለተነሳ ነው» ብዬ ሸጬ አውቃለሁ፤ በሳምንቱ ገዢው ራሱ እያነከሰ መጣ፤ ፈረሱ ጥሎት። ሥራዬን ስለማውቅ በጓሮ ወጣሁ። እንግዳው ግን ጓሮ አልነበረውም።

ሁለት ወር ሄደ። የወንድሙ ሚስት ሰንሰለቱን ፈታች፣ በሩ ላይ የነበረውን «ከውሻ ተጠንቀቁ» የሚል ሰሌዳ አነሳች። አንድ ማለዳ ዝናብ ሲያወርደው ቆጣሪ አንባቢው ጃንጥላውን ዘርግቶ በሩን ገፋ። ውሻው ሲመጣ አየ፤ አረንጓዴውንም ቆርቆሮ አየ። «ፈተና ያለፈ ነው፣ ከኔ ይሻላል» ብሎ ለራሱ ቀልዶ ገባ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ እርሳስ ይፈልጋል።

አመዶ ጃንጥላውን አየ። ለአመዶ ደግሞ ጃንጥላ ማለት ሥጋ ነው። ጅራቱን እያወዛወዘ በሩጫ መጣ፣ ሁለት እግሩን ሰውዬው ደረት ላይ ሰቅሎ አፍንጫውን ቀኝ ኪሱ ውስጥ ሰነቀረ። ሰውዬው ጮኸ፤ በጃንጥላው ራሱን መታው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰውም ውሻም በቅጡ አያውቀውም። ጎረቤት ደርሶ ሲያላቅቃቸው ቆጣሪ አንባቢው ጭቃ ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል፤ ጠቋሚውና የመሃል ጣቱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥለዋል።

የወንድሙ ሚስት ጫማ ሳታደርግ እንግዳው ቤት ሮጠች።

«ጋሼ፣ አመዶ ሰው ነከሰ።»

እንግዳው «ማንን?» አላለም። «ጃንጥላ ይዞ ነበር?» አለ።

«ዝናብ አይደለም እንዴ፣ ማን ያልያዘ አለ?» አለችው። ኋላ ፊቱን ስታይ ነገሩ ገባት። ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች በሽቦ ሊይዙት መጡ። አመዶ የውኃ ታንከሩ ሥር ገብቶ ከጠዋት ጀምሮ በሚቀርበው ሁሉ ላይ ያጉረመርማል። መርፌውን ልትወጋ የተጠራችው ዳኛዋ ናት፤ ጡረታ ብትወጣም ያን ቀን ሌላ ሐኪም አልተገኘም። ቦርሳዋን ይዛ ዝናቡ ውስጥ ቆማለች። እንግዳው ካፖርቱን ለብሶ ገባ። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ታንከሩ ፊት ቆሞ ጃንጥላውን ቷ አደረገ።

አመዶ በሆዱ እየተሳበ ወጣ። ጅራቱን እየወዘወዘ፣ አፉ ደም እንደነካው፣ አፍንጫውን ቀኝ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ኪሱ ውስጥ ሥጋ ነበር። አስቦበት ነው የመጣው።

ዳኛዋ ቦርሳዋን ከፈተች።

«ታውቀዋለህ ይሄን ውሻ?» አለች።

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲህ ያዝልኝ።»

ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አመዶ ሥጋውን ያኝካል፣ እንደልማዱ አገጩን መዳፉ ላይ አሳረፈ። ዳኛዋ መርፌውን ወጋችው። ከዚያ ራሱ መዳፉ ላይ ከበደ። ልጅቷን ጎረቤት ቤት ልከዋት ነበር፤ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። አጎቷ ጃንጥላ ዘርግቶ ውሻዋን ሲጠራው አይታለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ዳኛዋ መርፌውን ጠቅልላ «ሰውዬው ሆስፒታል ነው፣ አልጋ ሰባት» አለችው። «ሂድና ከአፍህ ይስማው። ሜዳው ላይ ግን ዳግመኛ እንዳላይህ።»

ካፖርቱ ጭቃ እንደያዘ ሄደ። ቆጣሪ አንባቢው የተጠቀለለ እጁን ትራስ ላይ አሳርፎ ኮርኒስ ያያል። እንግዳው ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ አደራውን፣ ልጅቷን፣ ሥጋውን፣ አላውቀውም ያለውን። አንድም አልደበቀም።

«እና ይቅር በለኝ ልትል ነው የመጣኸው?» አለው ቆጣሪ አንባቢው።

«አዎ።»

«እሱን ለእግዜር ንገረው። እኔ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሦስት መቶ አርባ ግቢ አለኝ። ከእንግዲህ በር ስገፋ ጉልበቴ ይታዘዘኛል? አይመስለኝም። በር የማይገፋ ቆጣሪ አንባቢ ደግሞ ማን ይፈልጋል፣ አራት ልጆች አሉኝ። አንተ ውሻ ፊት መቆም ታውቃለህ። ከፊቴ ትገባለህ። እያንዳንዱን በር።»

እንግዳው «እስከ መቼ?» አላለም። «በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

ይኸው ሰባት ዓመት። እንግዳው በሩን ይገፋል፣ ይገባል፣ ይቆማል፤ ውሻው ያሸተዋል ወይ ይነክሰዋል። ከዚያ «ግባ» ይላል። ቆጣሪ አንባቢው ገብቶ በግራ እጁ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ በተንጋደደ ጽሕፈት ቁጥሩን ይጽፋል። አራት ጊዜ ተነክሷል፤ አንዱ ባቱ ላይ ነው፣ ዛሬ በእውነት ያነክሳል። ውሻ ሁሉ እንዳያውቀው ሲጠነቀቅ የኖረው ሰው፣ አሁን በሰፈሩ የማያውቀው ውሻ የለም። መንገድ ላይ ሲያዩት ጅራታቸውን ይቆላሉ። እሱ አሁንም እጁን ኪሱ ከቶ ያልፋል።

የወንድሙም ቤት ከሦስት መቶ አርባዎቹ አንዱ ነው። መጀመሪያ ጊዜ እዚያ ሲደርሱ ቆጣሪ አንባቢው «እዚህ እንኳ ይቅርብህ፣ ውሻ የለም» አለው። እንግዳው በሩን አንኳኩቶ ቀድሞ ገባ። የከፈተችው ልጅቷ ናት። አየችው።

«ቆጣሪው በጓሮ በኩል ነው፣ ይግቡ» አለችው።

ይግቡ! አጎቷን። በየወሩ እንዲሁ ነው የምትለው፤ አሁን ትልቅ ልጅ ሆናለች፣ አንድ ቃል አልጨመረችበትም። እናቷ አትወጣም።

ቆጣሪ አንባቢው ይሄን ነግሮኝ ሲጨርስ ሻዩ በርዶ ነበር። እኔ ደግሞ አስታራቂ ነኝ፤ ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን የድንበር ጠበኛ በዚህች ምላሴ አስታርቄያለሁ። «አይ አንተ ሰው፣» አልኩት፣ «ሰባት ዓመት እኮ ነው። ነፍስ የገደለ እንኳ ይሄኔ ይፈታል። አሁንስ አይበቃውም?»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣና ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠው። አውራ ጣት፣ ባዶ ቦታ፣ ሁለት ጣት።

«እነዚህ ሲበቅሉ» አለኝ።